ስንቅ ያልያዘ መንገደኛ



ባለፈው ክረምት በምናስተምርበት ዩኒቨርሲቲ የመምህራን ክበብ ሻይ እየጠጣን ሳለ አንድ ወረቀት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞረ እኛ ዘንድ ደረሰ። የመዋጮ ዝርዝር ነበር። ስማችንንና የምንሰጠውን ገንዘብ ጽፈን፣ ፈርመን ለጎረቤታችን አሳለፍነው። ገንዘቡ የሚሰበሰበው ለአንድ የሥራ ባልደረባችን ነው። ይህ ወንድማችን ጀርመን አገር ታላቅ ወንድሙን ሊጠይቅ ሄዶ ትርፍ አንጀቱ ፈነዳ። በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ አልሐምዱ ሊላህ፣ ነፍሱ ተረፈች። የሆስፒታሉ ሂሳብ ግን በዩሮ መጣ። ታላቅየው አቅሙ የፈቀደውን ከፍሎ የቀረውን በየወሩ ሊከፍል ፈረመ። የመምህራን መዋጮ ወደ ዩሮ ሲመነዘር ምን ያህል እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው።

ወደ ሸንገን አገሮች ለመግባት ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ማቅረብ ግዴታው ነው። ታዲያ ይህ ሰው እንዴት ያለ መድን ሄደ? ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ለዓውደ ጥናት ዩኒቨርሲቲው ልኮት ነበር። ያኔ መድኑ ተገዝቶለታል፣ ደብዳቤው ተጽፎለታል፣ ቪዛውም ደጋግሞ የሚያስገባ ሆኖ ተሰጠው። ደጋግሞ በሚያስገባ ቪዛ ላይ ደግሞ በማመልከቻው ጊዜ የሚቀርበው የመጀመሪያው ጉዞ መድን ብቻ ነው፤ ለቀጣዮቹ ተጓዡ ራሱ እንደሚገዛ አውቆ ይፈርማል። ወንድማችን ፈርሟል፤ ያነበበው ግን አይመስለንም። በክረምት ዕረፍቱ በዚያው ቪዛ ሲሄድ መድኑም አብሮት ያለ መስሎት ነበር። መድኑ ግን ከዓውደ ጥናቱ ጋር አብሮ አብቅቷል።

የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል ተጠየቀ። ኃላፊው አዝኖ፣ «የዓመት ፈቃዱን ነው የሰጠነው እንጂ ለሥራ አልላክነውም» አለ። በኃላፊው አንፈርድበትም። መሥሪያ ቤት ሠራተኛውን ለሥራ ሲልክ ኃላፊነቱ አብሮት ይጓዛል፤ በፈቃድ ሲሄድ ግን ከግቢው በር ላይ ይሰናበተዋል። እኛም በዚያች ጠረጴዛ ዙሪያ የነበርን አምስት መምህራን፣ አንዱ ዶክተር፣ ይህን ልዩነት እስከዚያ ቀን ድረስ ልብ ብለነው አናውቅም ነበር። በቦርሳችን ያለው የመታወቂያ ወረቀት ባሕር ማዶም የሚያወጣን ይመስለን ነበር።

ነገሩ በልባችን የቀረው እኛም ለመንገድ እየተዘጋጀን ስለነበር ነው። በመንፈቁ ዕረፍት እናታችንን ይዘን ለዑምራ ልንሄድ ነይተናል። እናታችን ደሴ ነው የሚኖሩት፤ ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ስኳር አለባቸው፣ ደም ግፊትም አለባቸው። መዋጮ ማሰባሰብ ቀላል ነው፤ መዋጮ የሚሰበሰብለት ሰው ልጅ መሆን ግን ምን እንደሚመስል ያን ሌሊት አልጋችን ላይ ሆነን አሰብን።

በመድረሳ ሳለን ሸኻችን ደጋግመው የነገሩን አንድ ነገር ነበር። ከየመን ወደ ሐጅ ይመጡ የነበሩ ሰዎች በአላህ ተመክተናል እያሉ ያለ ስንቅ ይወጡ ነበር፤ መካ ሲደርሱ ግን ሰው ይለምናሉ። በሱረቱል በቀራ ስንቅ ያዙ የሚለው ትእዛዝ የወረደው በዚህ ምክንያት መሆኑን ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። ልጆች ሳለን ስንቅ ማለት ቆሎና ዳቦ ቆሎ ብቻ ይመስለን ነበር።

እናታችንን ስለ ክትባት ስንጠይቃቸው ሳጥናቸውን ከፍተው በጨርቅ የተጠቀለለ ቢጫ ካርድ አወጡ። በ1996 ዓ.ም. ከአባታችን (አላህ ይዘንላቸውና) ጋር ሐጅ ሲያደርጉ የተሰጣቸው ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ተመዝግቦበታል፤ የአሥር ዓመቱ ጊዜም ካለፈ ቆይቷል። ጉዞውን የሚያመቻችልን ልጅ «አልፎበታል፣ እንደገና ይከተቡ» አለን። ልንወስዳቸው ተነሥተን ሳለ የስኳር ክትትላቸውን የሚያደርጉት ሐኪም ካርዱን አገላብጠው አዩና ከለከሉን። ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2016) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ መሠረት የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ከዚያ በፊት የተሰጠውም ቢሆን ያው ነው። ከዚህም በላይ ይህ ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ያለበት በመሆኑ ስልሳ ዓመት ለሞላው ሰው ሐኪም ሳይመክርበት እንዲሁ የሚሰጥ አይደለም። ከአንድ ባልተጣራ ቃል ተነሥተን እናታችንን ለማያስፈልግ ነገር ልናጋልጥ ነበር።

የማጅራት ገትሩ ግን ሌላ ነው፤ ጊዜው ያልፋል። ሳዑዲ ዐረቢያ ለሐጅና ለዑምራ የሚመጣ ሁሉ አራቱን የበሽታውን ዓይነቶች፣ ማለትም ኤ፣ ሲ፣ ደብልዩ እና ዋይ የሚባሉትን የሚከላከል ክትባት መውሰዱን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠይቃለች። ጥያቄው ያለ ነገር አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1987 በሐጅ ሰሞን ዓይነት ኤ ተነሥቶ ነበር። በ2000 እና በ2001 ደግሞ ዓይነት ደብልዩ ሑጃጁን አልፎ አገራቸው ሲመለሱ የተቀበሏቸውን ቤተሰቦች ሳይቀር አጠቃ። ልብ ይበሉ፤ ሐጅ ያላደረገ ልጅ በቤቱ ተቀምጦ ታመመ ማለት ነው። አገራችንም ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ያለች ናት።

እኛማ ተከትበናል ብለን ኮርተን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአገራችን በየተራ በተካሄደው ዘመቻ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 29 ዓመት የሆናቸው ሁሉ ሲከተቡ ክንዳችንን ሰጥተናል። ነርሷ ፈገግ ብላ «ኡስታዝ፣ ያ የዓይነት ኤ ብቻ ነበር» አለችን። የሦስቱ ሳይኖረን በአንዱ ዐሥር ዓመት ተማምነን ኖረናል።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን። ክትባቱ ሳዑዲ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት። እኛ ግን ርካሽ ትኬት አገኘን ብለን ቸኩለን ቆርጠን፣ ወደ ክትባት የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። ሰኞ ተከተብን፤ በረራው የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ነበር። በጣታችን ብንቆጥር ስምንት ቀን! የሒሳብ አስተማሪ ነን፤ ባናስተምር ይሻል ነበር። የትኬት ቀን ለማስቀየር የከፈልነው ቅጣት ርካሽ ባልነው ላይ ሲደመር ርካሽነቱ ጠፋ። እናታችን ግን «አብሽር ልጄ፣ ኸይር ነው፤ የጎረቤቱን ሰደቃ በልቼ እሄዳለሁ» ብለው አጽናኑን። ካርዱ ላይ የክትባቱ ዓይነት በትክክል መጻፉንም ያዩልን ነርሷ ናት፤ ኮንጁጌት የሚባለው ለ5 ዓመት ይቆጠራል፣ ሌላው ወይም ዓይነቱ ያልተጻፈው ግን ለ3 ዓመት ብቻ ነው።

ወደ መድኑ እንመለስ። ለዑምራ ተጓዥ ከቪዛው ጋር አብሮ የሚከፈል የጤና መድን አለ። ብዙዎቻችን መኖሩን እንኳ አናውቅም፤ ወረቀቱን ጠይቀን አስተርጉመን አነበብነው። ለድንገተኛ ሕመምና ለአደጋ ነው፤ በሳዑዲ ምድር ላይ ሳሉ ነው የሚሠራው። የቆየ በሽታ የዘወትር መድኃኒት ግን አይሰጥም። ስለዚህ የእናታችንን ኢንሱሊንና ክኒን ከቆይታችን ሁለት ሳምንት አስበልጠን ገዛን። ኢንሱሊን በረዶ እስኪሆን ከቀዘቀዘ ስለሚበላሽ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ ጭነት ክፍል እንዳይወርድ በእጅ ቦርሳ ያዝነው። ሐኪሙም የመድኃኒቶቹን ስም በንግድ ስማቸው ሳይሆን በሳይንሳዊ ስማቸው በእንግሊዝኛ ጽፈው ማኅተም አደረጉበት። የሕመም ማስታገሻዎች ሁሉ እንደ እኛ አገር በየኪሱ የሚያዙ አይደሉም፤ ትራማዶልን የመሰለውን ያለ ሐኪም ማስረጃ ይዞ መግባት ለእስር ይዳርጋል።

ስለ ሸሪዓው የጠየቁን ወንድሞች አሉ። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ የንግድ መድንን ከልክሎ በመተጋገዝ ላይ የቆመውን ፈቅዷል። በአገራችንም ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያ ካወጣ ወዲህ ተካፉል የሚሰጡ መስኮቶች ተከፍተዋል። ቪዛ የሚያስገድደውን መድን በተመለከተ ግን እኛ ሙፍቲ አይደለንምና ዓሊሞችን መጠየቅ ይገባል። ይህን ሰበብ አድርጎ ግን ምንም ሳይጠይቁ መሄድ ሌላ ነገር ነው።

ውሉን ስናነብ አንድ አንቀጽ ላይ ቆምን። ተጓዡ ቢሞት አስከሬን ስለመመለስ ይናገራል። ለእናት እንዴት ይነበባል? ዘለን ልናልፍ ስንል እናታችን፣ «ምን ይላል? አንብበው እንጂ!» አሉ። አነበብን። ትንሽ ዝም አሉና፣ «እኔን እዚያው ቅበሩኝ። በቂዕ ከደረሰኝማ ምን ጎደለኝ! አንተን ግን ሚስትህ ትጠብቅሃለች፣ ያንተን ይመልሱህ ብለህ ጻፍ» አሉ። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ማታ ወንድማችንን ጠርተን የፓስፖርታችንን ቅጂ፣ የመድኑን ቁጥርና የኑዛዜያችንን ቃል ሰጠነው። ይህን ለማድረግ ስንት ዓመት አመነታን!

መዲና በሦስተኛው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ እናታችን ላብ አጠመቃቸው፤ ቃላቸውም ተደናገረ። ቁርስ በልተው ምሳ ሳይበሉ፣ ኢንሱሊኑን ግን ሳያስቀሩ በደስታ ብዛት ሲመላለሱ ውለዋል። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። በኪሳችን የነበረውን ጭማቂ አጠጣናቸው፤ ወደ ጤና ጣቢያው ስንደርስ ነርሱ የጠየቀን ሁለት ነገር ነው፤ ፓስፖርትና ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ። ያን ባለ ማኅተም ወረቀት ሰጠነው። ዐረብኛችን የኪታብ ዐረብኛ ነው፤ «ኢንሱሊን» የሚለውን እንጂ የመጠኑን ነገር በዚያ ድንጋጤ ልናስረዳ አንችልም ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተነሥተው፣ «መግሪብ አለፈኝ ወይ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ እግራቸውንም በየማታው እያየን አሳደርን። የቆየ ስኳር የእግርን ስሜት ያጠፋል፤ በጋለ ንጣፍ ላይ በባዶ እግሩ ሄዶ መቃጠሉን ሳያውቅ የሚያድር ሰው አለ። ለሴት በኢሕራም ካልሲ መልበስ ስለማይከለከል ወፍራም ካልሲ አለበስናቸው። እኛ የሄድነው በብርድ ወራት ነው። ለሐጅ በበጋ የሚሄድ ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ ከ50 ዲግሪ ባለፈ ሙቀት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን፣ ከእነዚህም 83 ከመቶው ያለ ሐጅ ፈቃድ የገቡ መሆናቸውን የሳዑዲ መንግሥት ራሱ የተናገረውን ያስታውስ። ፈቃድ የሌለው ጥላ ያለው ድንኳንም አይደርሰውም።

ባልደረባችን አሁን ድኖ ሥራ ላይ ነው። ከጉዞ ስንመለስ ቢሯችን መጥቶ የመድኑን ወረቀት አሳዩኝ አለን፤ ሰጠነው፤ ጥቃቅኑን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበው። እናታችን ደግሞ ሁለቱን ካርዶች በዚያው አሮጌ ጨርቅ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ መልሰዋቸዋል። በማጅራት ገትሩ ካርድ ጀርባ ላይ የሚያልፍበትን ዓመት በትልልቅ ቁጥር አስጽፈውናል። እስከዚያ ድረስ፣ አላህ ካለ፣ የአባታችንን ሐጅ በድል የሚያደርግ ሰው እንድንፈልግ እየወተወቱን ነው።