ያን ሁሉ ጦር ማን አበላው?

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ ዘመን ከተማ በላይ ወዳለው ወደ ጣራ ገዳም የወጣህ እንደሆነ፥ በጥዱና በወይራው መካከል ቆመህ ቁልቁል ስትመለከት የፎገራን ሜዳ፥ ከእርሱም ወዲያ የጣናን ባሕር ታያለህ። እኔም በተማሪነቴ ስለ ዘመነ መሳፍንት ማብቂያ የመመረቂያ ጽሑፍ ሳዘጋጅ፥ ከዚያ ተቀምጬ የየጦሩን መንገድ በደብተሬ ላይ በቀስት አሰምር ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ደጃዝማች ጎሹ ጉር አምባ ላይ በካሣ ጦር ወደቁ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ራስ ዓሊ አይሻል ላይ ተሸነፉ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ደረስጌ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ይህን ሁሉ በቃሌ አውቀው ነበርና ራሴን እንደ ሊቅ እቆጥር ነበር።

ከገዳሙ ወርጄ ያደርሁት ከአንዲት አሮጊት ዘመዴ ቤት ነው። የጻፍሁትን ሳነብላቸው ዝም ብለው ሰሙኝና፥ «ልጄ፥ ለመሆኑ ያን ሁሉ ሰው ማን አበላው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እንዲያውም የማጀት ጥያቄ ነው ብዬ በልቤ ናቅሁት።

ኋላ ግን ሪቻርድ ኮልክ የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1978 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ ወታደርና ገበሬ ያወጣውን ጥናት አገኘሁ። ርእሱ ሠራዊቱን ከነጣቂ አውሬ ጋር ያመሳስላል። ሳነበው አፈርሁ፤ የአሮጊቷ ጥያቄ ነበርና።

የዚያ ዘመን ወታደር ደመወዝ አልነበረውም። በገበሬው ቤት ተመርቶ ይገባል፤ ባለቤቲቱ ትፈጭለታለች፥ ትጋግርለታለች፤ በቅሎውም ገብስ ይሰፈርላታል። አገሩ ሲራቆት ጦሩ ወደ ሌላ ይሄዳል። ራስ ዓሊ ከተቀመጡበት ከደብረ ታቦር ወደ ጎንደር ለሚያልፍ ሠራዊት ደግሞ፥ ላምና እህል የሞላው ይህ ሜዳ በመንገድ ላይ ነበር። በጥጋብ አገር መወለድም ለካ መከራ ሊሆን ይችላል!

ዐፄ ቴዎድሮስ ነገሩን አልሳቱትም። ዝርፊያን ከለከሉ፤ ለወታደራቸውም ደመወዝ ለመስጠት አሰቡ። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የቤተ ክርስቲያንን መሬት ለመቀነስ ቢነሡ ካህናቱ ተቃወሟቸው። አገሩ እየሸፈተ፥ ወታደሩም እየከዳ ሲሄድ፥ ዝርፊያን የከለከሉት ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አቃጠሉ። እኔ ይህን ከክፋት ብቻ የመጣ ነው አልልም፤ ጎተራ የሌለው መንግሥት የሚገባበት መንገድ ይመስለኛል። ከክፉው ቀን በኋላ፥ በ1892 እ.ኤ.አ.፥ ዐፄ ምኒልክ ወታደሩ ከገበሬው ቤት ወጥቶ በምትኩ ገበሬው ዐሥራት እንዲከፍል አዘዙ። ዐሥራቱም ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም ባለቤቲቱ በምድጃዋ ላይ አዛዥ እንዳይኖርባት የታሰበ ነበር።

ዛሬ በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በዓመት 25 ሰው በውጊያ የሞተበትን ግጭት ይመዘግባሉ፤ 1000 ሲሞላ ጦርነት ይሉታል። የሚያስመሰግን ድካም ነው። የተነዳችው ላም ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ አትገባም።

ጽሑፌን እንደገና ስጀምር የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስለ ምሪት አደረግሁት። ወደ አሮጊቷም ተመልሼ፥ ጦር መጣ ሲባል እህሉ ሌሊት በጉድጓድ እንዴት ይቀበር እንደነበር፥ ከአያታቸው የሰሙትን ጠየቅኋቸው። እስኪመሽ ነገሩኝ፤ እኔም እስኪመሽ ጻፍሁ።