የደረቀ ቅጠል ምስክርነት

አንባቢ ሆይ! በሰሜን አዲስ አበባ ከጉለሌ ሆነህ ወደ እንጦጦ ተዳፋት ቀና ብትል በብዛት የምታየው ባሕር ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ ግን የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፣ ወደ እኛ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ጽድና ወይራን የመሳሰሉት አገር በቀል ዛፎች ከእርሱ በፊት ነበሩ። ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን ጠፋ? ምንስ ቀረ? ተብለህ ብትጠየቅ በምን ታስረዳለህ? የሽማግሌ ቃል የተከበረ ቢሆንም፣ ለዚህ ጥያቄ የሚጨበጥ ማስረጃ ያሻል።

እንዲህ ያለው ማስረጃ ከሚገኝባቸው ስፍራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1959 የተቋቋመው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም ነው። በዚያ ተጭነው የደረቁ እጽዋት በወረቀት ላይ ተለጥፈው ይቀመጣሉ፤ የተክሉ ስም፣ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና የሰብሳቢው ስምም አብሮ ይጻፋል። በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት ተማሪዎች ቅጠል ሲያመጡልኝ አስቀድሜ የምጠይቃቸው «ከየት? መቼ?» እያልሁ ነበር። ቦታውና ቀኑ ያልተጻፈለት ቅጠል ጌጥ እንጂ ምስክር አይሆንምና።

ዛሬ ሌላ ምስክር ተጨምሯል። ሕይወት ያለው ፍጡር ሁሉ ከቆዳው፣ ከዓይነ ምድሩ ወይም ከቅጠሉ ጥቂት ቅንጣት በአካባቢው ይጥላል፤ በቅንጣቱም ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የተባለው የዘር ውርስ ምልክት ይገኛል። ተመራማሪው የወንዝ ወይም የኩሬ ውኃ አጥልሎ ይህን ምልክት በቤተ ሙከራ ያነባል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት፣ በፈረንሳይ አገር ኩሬዎች ውስጥ ከአሜሪካ የመጣ ትልቅ እንቁራሪት መኖሩን ከውኃው ብቻ ለማወቅ እንደሚቻል አሳይቷል።

ይሁን እንጂ አዲሱ ዘዴ አሮጌውን አይሽርም። የጣት አሻራ ቢገኝም ባለቤቱ በመዝገብ ከሌለ ማንነቱ አይታወቅም፤ እንደዚሁም ከውኃ የተገኘው ምልክት ስሙ ከታወቀ ናሙና ጋር ካልተመሳከረ ባለቤት አልባ ነው። ከዚህም በላይ ወንዝ የላዩን ወደ ታች ስለሚያወርድ፣ ምልክቱ የተገኘበት ስፍራ ሁልጊዜ የፍጡሩ መኖሪያ ነው አይባልም። አለመገኘቱም ብቻውን ለመጥፋቱ በቂ ማስረጃ አይሆንም።

እንግዲህ አገር በቀል እጽዋት የሚለሙበትን የጉለሌን የእጽዋት ማዕከል በምትጎበኝበት ጊዜ ቅጠል አትቁረጥ፤ ነገር ግን ያየኸውን ተክል፣ ቦታውንና ቀኑን በደብተርህ ጻፍ። ያልተመዘገበ ነገር ሲጠፋ፣ መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅለት አይኖርም።