ኤክስ ያለበት ፓስፖርት

ፌብሩዋሪ 12፣ 2025፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ሥራዬ የሰው ፎርም መሙላት ነው፤ ግሪን ካርድ፣ ዜግነት፣ ታክስ። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ስለ ፓስፖርት የሚደውሉልኝ በዝተዋል። ጃንዋሪ 20 የተፈረመው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ የፌዴራል መንግሥት ከወንድና ከሴት ሌላ እንዳይመዘግብ ስላዘዘ፣ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ «ኤክስ» የተጻፈበት ፓስፖርት መስጠት አቁሟል። ዛሬ የደወሉት ደንበኛዬ ኖንባይነሪ ናቸው፤ ወንድም ሴትም ተብለው መመዝገብ አይፈልጉም። ፓስፖርታቸውን ያወጡት በ2022 ነው።

«ይነጥቁኝ ይሆን?» አሉኝ።

አይነጥቁም፤ እስከ 2032 ያገለግላል። «ግን አደራ፣ እንዳይጠፋብዎ። ለስም ለውጥም ቢሆን አይላኩት» አልኳቸው። ምትኩ የሚወጣው ሲወለዱ በተመዘገበው ጾታ ነው።

ማርች 9

የዳና ዚምን ክስ ሳነብ አመሸሁ። ዳና የኮሎራዶ ነዋሪና የቀድሞ የባሕር ኃይል አባል ናቸው፤ ሲወለዱ አካላቸው ወንድ ወይም ሴት ተብሎ በግልጽ የሚለይ አልነበረም። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ሲባሉ እምቢ ብለው በ2015 ከሰሱ። ኤክስ ያለበትን ፓስፖርት በእጃቸው የያዙት ኦክቶበር 2021 ላይ ነው። ለሌላው ሁሉ የተፈቀደው ደግሞ ኤፕሪል 2022።

አሜሪካ በዚህ ቀዳሚ አልነበረችም። አውስትራሊያ በ2011 በሐኪም ደብዳቤ፣ ኒውዚላንድ በ2012 ለሚፈልግ ሁሉ ኤክስን ሰጥተዋል፤ የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የፓስፖርት ደንብም ይፈቅደዋል። ከገጹ ግርጌ ማሽን በሚያነበው መስመር ላይ፣ በልደት ቀኑና ፓስፖርቱ በሚያበቃበት ቀን መካከል፣ ለጾታ አንዲት ቦታ አለች፤ ኤክስ ሲሆን እዚያ የመሙያ ምልክት ይገባል። ማሽኑ ከጥንትም ተዘጋጅቶበታል። የሰውየውን ማንነት የሚያረጋግጡት ፎቶው፣ ስሙና ቁጥሩ ናቸው፤ አንዲት ፊደል ለማን እንደምትከብድ አይገባኝም።

ኤፕሪል 26

የፋሲካ ሳምንት ስለሆነ እንኳን አደረሰህ ብለው የገቡ እናት ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ልጁ የ19 ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃዱ ላይ ኤክስ አለ። የፓስፖርቱ ፎርም ላይ ግን ያሉት ሁለት ሳጥኖች ናቸው።

«የኔ ልጅ፣ አንዱ ላይ አድርግበትና እንገላገል» አሉኝ እናትየው። ልጁ ዝም ብሎ ወለሉን ያያል።

ቁጭ ብለን ተነጋገርን። በቦስተን ክስ የቀረበላት ዳኛ ባለፈው ሳምንት አዲሱን የፓስፖርት መመሪያ ያገደችው ለስድስት ከሳሾች ብቻ ስለሆነ ትንሽ ብንታገሥ ይሻላል አልኩ። የእናትየው ጭንቀት ግን ፎርሙ አልነበረም። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ሊሄዱ አስበዋል። «ኤርፖርት ላይ ልጄን ቢያስቀሩብኝስ?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይህን አይሆንም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ኤክስን በሚሰጥበት ጊዜ ሌላ አገር ይቀበለዋል ብሎ ዋስ አልሆነም፤ የኢትዮጵያ መታወቂያም የሚያውቀው ወንድና ሴት ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ሕግም የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል ይቀጣል፤ ይህ የተለየ ጉዳይ ቢሆንም አገር ቤት ሰው ሁለቱን አይለያቸውም። ልጁ ቀና ብሎ «እማ፣ እኔ እዚያ ስሄድ ማንም እንዲያየኝ ብዬ አይደለም። እዚህ የምኖርበት ወረቀት ነው» አላቸው። እናትየው እጁን ይዘው ቆዩ። ፎርሙን ሳንሞላ ተለያየን።

ጁን 21

ዳኛዋ እገዳውን ለሌሎችም አስፋፍታዋለች። ለእናትየው ደወልኩ። «ላከው» አሉ፤ ሌላ አላሉም።

ኖቬምበር 8

ከትናንት ወዲያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዳኛዋን እገዳ አነሣ፤ ሦስት ዳኞች ተቃውመዋል። ክርክሩ ገና አላለቀም፤ እስከዚያ ግን አዲስ ኤክስ አይሰጥም። የተማሪው ፓስፖርት ቀድሞ ወጥቷል።

ዛሬ መላልሼ ያሰብኩት ስለ ሜሪላንድ ነው። የመንጃ ፈቃዱ ኤክስ የተፈቀደው የክልሉ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ፣ ከኦክቶበር 2019 ጀምሮ ነው፤ የሐኪም ደብዳቤም አይጠየቅበትም። ዋይት ሐውስ ሰው ሲለወጥም አልተነካም። የፓስፖርቱ ግን የአንድ መሥሪያ ቤት መመሪያ ነበርና በአንድ ፊርማ ሄደ። ጀርመኖች በ2018 በፓርላማ ሕግ ሦስተኛ ምዝገባ አበጅተዋል፤ እኛም ዘንድ ኮንግረስ በሕግ ካላጸናው ይህ ስልክ መጮኹን አይተውም።

የወጣው ኤክስ ለአዋቂ 10 ዓመት ያገለግላል። ከ16 ዓመት በታች ሆነው ያወጡት ግን የሚያገለግላቸው 5 ዓመት ብቻ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ በ2027 ማለቅ ይጀምራሉ። ሰኞ እንዲህ ያለ ልጅ ላላቸው ወላጆች ሁሉ ደውዬ ቀኑን እንዲያዩና አሁኑኑ ጠበቃ እንዲያነጋግሩ እነግራቸዋለሁ።