ሥር የሚያወጣው ትንፋሽ ነው

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ይህን ደብዳቤ ከሻንጣሽ የጎን ኪስ የከተትኩት ሌሊት ተኝተሽ ሳለ ነው። በቃል ልነግርሽ ከትናንት ወዲያ ጀምሬ ነበር፤ እናትሽ ስንቁን ስታሰናዳ፣ ጎረቤቱ ሊሰናበትሽ ሲገባና ሲወጣ ወሬው ተቋረጠ። ደግሞም በጽሑፍ መሆኑ ይሻላል። እጅሽ ሥራ ላይ ሆኖ ግራ ሲገባሽ መልሰሽ ታነቢዋለሽ።

ድሬዳዋ ወርጄ ችግኝ አፈላለሁ ስትዪኝ ደስ አለኝ፤ ደስ ያለኝን ያህል ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። የተከራየሽው ግቢ ጠባብ ነው፤ በእጅሽ ያለውም ገንዘብ ያው የምናውቀው ነው። ከወንድምሽ እንደሰማሁት ለጥላ ቤትና ለውሃ መርጫ መሣሪያ ብድር ልትጠይቂ አስበሻል። ልጄ፣ አትበደሪ። ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት አትበደሪ። በአንድ የቀለም ባልዲ ጀምሪ። በዚህ ግቢ እየሸጥኩ ያሳደግሁሽ ጽጌረዳና የጥብስ ቅጠል ከምን እንደወጣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከጓዳው ጥግ ሌሊቱን ሙሉ ሲንፎለፎል ከሚያድረው ባልዲ ነው። ልጅ ሆነሽ ድምፁን ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ትዪ ነበር።

ባልዲው ከመምጣቱ በፊት የደረሰብኝን ግን አልነገርኩሽም። አንድ ክረምት ለአንድ ሆቴል ጽጌረዳ ላቀርብ ተስማምቼ 200 ቁራጭ ቆርጬ በማሰሮና በጠርሙስ ውሃ ውስጥ ደረደርኩ። በሳምንቱ የግንዶቹ ጫፍ ጠቆረ። አንዱን አንስቼ ስዳስሰው ቅርፊቱ እንደ በሰለ ሙዝ ልጣጭ በጣቴ መካከል ወለቀ፤ ውሃውም ሸተተ። አንድ እንኳ አልተረፈልኝም። ጎረቤቱ «እጁ አይቀናም» አለ፤ እኔም አመንኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጽጌረዳ አልነካሁም። ጉዳዩ የእጅ ዕድል አለመሆኑን የነገረኝ በአበባ እርሻ ይሠራ የነበረ ወዳጄ ነው። «ታፍነው ነው የሞቱት» አለኝ።

ቁራጭ ከእናት ተክሉ ሲለይ ሥር የለውም። ሥር ለማብቀል ከቁስሉ ዙሪያ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ለዚያ ሥራ ደግሞ እንደኛው ኦክስጅን ይፈልጋል። የቆመ ውሃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ጥቂት ነው፤ እሱንም ቁራጩና ውሃው ውስጥ ያሉት ረቂቅ ነፍሳት ተሻምተው ይጨርሱታል። ከላይ የሚገባው አዲስ አየር በጣም ዝግ ብሎ ስለሚወርድ አይተካውም። ያኔ የሚያበሰብሱት ነፍሳት ይበረታሉ። ስለዚህ ሰው ውሃ ሥር ያወጣል ቢልሽ አትመኚ፤ ውሃው ቁራጩ እንዳይደርቅ ብቻ ነው የሚያደርገው፤ ሥር የሚያወጣው ውሃው ውስጥ ያለው ትንፋሽ ነው። ከባልዲው ታች የሚነሳው አረፋ ውሃውን እያገላበጠ አየር ያስገባል፤ ላይ ደርሶ ሲፈነዳም ግንዱን በጥቃቅን ጠብታ ያረሰርሰዋል።

ይህ አረፋ ለአንቺ ከእኔ ይበልጥ የሚያስፈልግሽ በድሬዳዋ ሙቀት የተነሳ ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን መያዝ ይችላል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 7 ተኩል ይወርዳል። እኛ እዚህ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ስስ ነው፤ ከዚያ ሩብ ያህሉ ይጎድልብናል፤ ግን ውሃችን ቀዝቃዛ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በአየሩ ታተርፊና በሙቀቱ ትከስሪያለሽ። ክፋቱ ደግሞ ሙቀት ሲጨምር የቁራጩም የመተንፈስ ፍላጎት አብሮ ይጨምራል። እዚህ ያየሽኝን ሁሉ እዚያ እንዳለ ብትደግሚው የማይሆንልሽ ለዚህ ነው።

የመጀመሪያውን ባልዲ ከነአየር ፓምፑ ሠርቼልሻለሁ፤ ልብሶችሽ የታሸጉበት እሱ ነው። ሁለተኛውን ራስሽ ሥሪ። ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ባልዲ ፈልጊ፤ የፕላስቲክ ቀለም የነበረበት ይሁን እንጂ የዘይት ቀለም የነበረበትን በነጻ ቢሰጡሽም አትውሰጂ፤ ሽታው አይለቅም። ነጭ ከሆነ ከውጭ ጥቁር ቀለም ቀቢው። ብርሃን ከገባ ውሃው አረንጓዴ ይለብሳል፤ ሥርም ጨለማ ይወዳል። ክዳኑ ላይ በጋለ የብረት ቧንቧ ጫፍ 15 ያህል ቀዳዳ አውጪ፤ ስፋታቸው ሦስት ሴንቲሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ይሁን። ይህን ስትሠሪ ደጅ ሁኚ፤ የፕላስቲክ ጭስ ለሳንባ መጥፎ ነው።

ቁራጩን የሚይዘው አንገት ላይ ብዙ ደክሜያለሁ። ስፖንጅ ሞከርኩ፤ ውሃ ጠጥቶ ግንዱ ላይ ሻጋታ አመጣ። ጨርቅ ሞከርኩ፤ እሱም ያው። በመጨረሻ ያገኘሁት ያለቀ ነጠላ ጫማ ነው። ሶሉን ከቀዳዳው ትንሽ ሰፋ አድርገሽ በክብ ቁረጪው፤ ከዳር እስከ መሐል በምላጭ አንድ ጊዜ ሰንጥቂው፤ ቁራጩን በስንጥቁ አስገብተሽ ቀዳዳው ላይ ጫን አድርጊው። ውሃ አይጠጣም፣ አይበሰብስም፣ ግንዱንም አያቆስልም። ከአንድ ጥንድ ጫማ የአንድ ክዳን አንገት ይወጣል። በበረኪና ታጥቦ ለዓመታት ያገለግላል።

የምትገዢው ዕቃ የዓሣ ገንዳ አየር ፓምፕና ቱቦ ብቻ ነው። ሦስት ዋት የሚበላ ፓምፕ ይበቃሻል። ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ወር ሙሉ ቢሠራ የሚወስደው ከሁለት ኪሎዋት ሰዓት ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣዳችን በአንድ ሰዓት ከሚበላው ያነሰ ማለት ነው። ቱቦውን ከፋርማሲ ግዢ፤ ለግሉኮስ የሚሆነው፣ ሰው ያልተጠቀመበት አዲስ ይሁን። ጫፉን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ካለሰለስሽው የፓምፑ አፍ ላይ ይገባል፤ ላዩ ላይ ያለችው ማጥበቂያም አየሩን ለመመጠን ትረዳሻለች። የታችኛውን ጫፍ በእሳት አቅልጠሽ ድፈኚና መጨረሻው ላይ አንድ ስንዝር ያህሉን በጋለ መርፌ ደጋግመሽ ብሺው። ትንሽ ድንጋይ እሰሪበትና ወደ ታች ይስመጥ። ቱቦው የሚገባበትን ቀዳዳ ክዳኑ ዳር ላይ ብሺ።

ፓምፑን ከውሃው ወለል ከፍ አድርገሽ ምስማር ላይ ስቀዪው። ይህን አስምሪበት። እኔ መሬት ላይ አስቀምጬው መብራት ጠፋ፤ አየሩ ሲቆም ውሃው በቱቦው ተመልሶ ወርዶ ፓምፑን ሞላው። መብራት ሲመጣ ተቃጠለ። ዕድሌ ሆኖ ቤቱ አልተቃጠለም። ፓምፑ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ውሃው ሽቅብ አይወጣም።

የውሃው ልክ እንደ መብራቱ ነው። መብራት ካልተቆራረጠ ውሃው ከቁራጮቹ ጫፍ ሁለት ጣት ዝቅ ይበል፤ ጠብታው ያረሰርሳቸዋል። በሚቆራረጥበት ሰሞን ግን ጫፋቸው አንድ ሴንቲሜትር ያህል እስኪነከር ከፍ አድርጊው። መብራት ለሰዓታት ከጠፋ ክዳኑን ከነቁራጮቹ አንሺና ውሃውን በጣሳ እየቀዳሽ ከክንድ ከፍታ መልሰሽ አፍስሺው፤ ሃያ ጊዜ ያህል። አየር ይዞ ይወርዳል።

ለሙቀቱ መላው ከአያትሽ እንስራ የተማርነው ነው። ባልዲውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዪው፤ ጥላና ነፋስ ያለበት በር አጠገብ አኑሪው፤ ጆንያው ሲደርቅ አርጥቢው። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የድሬ አየር ደረቅ በሆነበት ወር በደንብ ይሠራልሻል። ፓምፑንም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አትስቀዪው፤ የሚነፋው አየር ራሱ ይሞቃል። ውሃው ከ25 ዲግሪ ባይበልጥ ደስ ይለኛል።

የቧንቧ ውሃ ከሆነ ሌሊቱን ክፍት ይደር፤ ክሎሪኑ ይወጣል። የጀበናሽ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሲያበጅ ካየሽ ውሃው ኖራ የበዛበት ነውና የዝናብ ውሃ ቀላቅዪበት። በየአራት ቀኑ ሙሉውን ቀይሪ። አንድ ዙር ሲያልቅ ባልዲውን፣ ክዳኑንና ቱቦውን በበረኪና እጠቢና በንጹሕ ውሃ ደጋግመሽ አለቅልቂ።

አቆራረጡን ታውቂዋለሽ፤ ግን ስትቸኩዪ አይሻለሁና ልድገመው። ማለዳ፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ከጤነኛ ተክል፣ በንጹሕ ምላጭ። ርዝመቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር፣ ቁርጡ ከአንጓው ሥር ልክ። የታችኞቹን ቅጠሎች አንሺ፤ ከላይ ሁለት ሦስት ይቅሩ። አበባና እምቡጥ ካለው ሳትሳሺ ቀንጥሺው፤ ለሥር የሚሆነውን ጉልበት ይበላዋል። ቅጠል ጨርሰሽ አትግፈፊው ያልኩሽ በምክንያት ነው። ሥር እንዲወጣ የሚያዘው ኦክሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ከጫፍና ከለጋ ቅጠል ተሠርቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሆላንዳዊው ፍሪትስ ቬንት በ1928 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናቱ በአጃ ቡቃያ ላይ ያሳየው ይህንኑ ንጥረ ነገር ነው። ሲወርድ ቁርጡ ላይ ይጠራቀማል፤ መጀመሪያ ነጭ እብጠት ታያለሽ፣ ከዚያ ሥሩ ይወጣል። ነጩን እብጠት አይተሽ በሽታ ነው ብለሽ እንዳትጥዪው።

ናና በሳምንት ሥር ያወጣል፤ በሶብላም እንደዚያው። የጥብስ ቅጠል ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቅሻል። ጽጌረዳ ወር ይፈጃል። በየቀኑ እያነሳሽ አትዪ፤ በሦስት ቀን አንዴ ይበቃል። የሚጠቁረውን ግን ሳትዘገዪ አውጪ፤ አንዱ ሌላውን ያበላሻል። ማንጎና አቮካዶ በዚህ ባልዲ አትልፊ፤ የነሱ መንገድ ማዳቀል ነው። ቁልቋል ደግሞ ቁስሉ ደርቆ ደረቅ አሸዋ ላይ የሚተከል ነው።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ላይ ደረስኩ። ሥሩ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ሲሆን አውጪው፤ አይርዘም፤ ሲረዝም እርስ በርሱ ይጠላለፍና ስትለዪው ይሰበራል። ውሃ ውስጥ የበቀለ ሥር ነጭና ተሰባሪ ነው፤ አፈርን አያውቅም። የደን አፈር፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ እኩል እኩል ቀላቅለሽ በፕላስቲክ ቱቦ ሙዪ፤ በጣትሽ ጎድጓዳ አበጂ፤ ሥሩን አስቀምጠሽ አፈሩን በውሃ አስጠጊው እንጂ በጣትሽ አትጫኚው። ታቹ የተቆረጠ ሃይላንድ ድፊበት። ጥላ ውስጥ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ከዚያ የሃይላንዱን ክዳን ክፈቺ፣ ሌላ ቀን ሃይላንዱን ጨርሰሽ አንሺ፤ ቀጥሎ የጠዋት ፀሐይ ብቻ አሳዪው። ይህን ማለማመድ ሦስት ሳምንት ስጪው።

ገዢ ይመጣል፤ ሥሩን በባልዲው ክዳን ላይ አይቶ ዛሬውኑ ካልሸጥሽልኝ ይላል። ገንዘቡም ያስፈልግሻል። አትሽጪለት። ወስዶ የድሬ ቀትር ፀሐይ ላይ ይተክለዋል፣ በሦስተኛው ቀን ይደርቃል፣ እሱም ልክ እንደኔ እጄ አይቀናም ብሎ ተክል መትከል ይተዋል። አንድን ሰው ከመትከል ማስቀረት ከባድ ነገር ነው ልጄ፤ እኔ ሁለት ዓመት ከጽጌረዳ ተለይቼ ኖሬ አይቼዋለሁ። ችግኙ አዲስ ቅጠል ሳያወጣ ከግቢሽ አይውጣ።

በባልዲው ውስጥ፣ ከነጠላሽ ሥር፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታገኛለሽ። ከአያትሽ ግቢ መጥቶ እዚህ የኖረው ጤና አዳም፣ እናትሽ ለቅቤ የምትጠቀምበት ኮሰረት፣ እና ያቺ ቀይ ጽጌረዳ ናቸው። እንደደረስሽ ሳታርፊ ክፈቺው። ጫፋቸውን እንደገና ቁረጪና ለዛሬ ሌሊት በብርጭቆ ውሃ አሳድሪያቸው፤ ለባልዲው የሚሆነውን ውሃም ቀድተሽ ክፍቱን አሳድሪው። ነገ ጠዋት ፓምፑን ሰክተሽ አስገቢያቸው። 14 ናቸው፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ስንቱ ሥር እንዳወጣ እሑድ እሑድ እየደወልሽ ንገሪኝ።

አባትሽ