«ነገርኩህ እኮ!»

የኮሙኒኬሽን ኮርስ ስንወስድ የመግባባት እንቅፋቶች የሚባሉትን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደናል፤ ጫጫታ፣ የቋንቋ ልዩነት፣ አለማዳመጥ ወዘተ። እኔም ጥያቄውን በደንብ ነው የመለስኩት። ትምህርቱ የገባኝ ግን በክረምት እረፍት መርካቶ፣ አክስቴ ሱቅ ስሠራ ነው።

መርካቶ ስሙ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ከወረራው ዘመን የቀረ፣ «ገበያ» ማለት ነው። በውስጡ ደግሞ ለሁሉም ነገር ተራ አለው፤ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ጎማ ተራ እያለ ይቀጥላል። ከነዚህ ውስጥ ሸማ ተራና ሸራ ተራ የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። (የምነግራችሁ የሆነው ሸማ ተራ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ከመቃጠሉ በፊት ነው።)

የአክስቴ ሱቅ ምናለሽ ተራ ነው። አንድ ቀን ሁለት ማዳበሪያ ቅመም ሸራ ተራ ለቆመ የደንበኛ መኪና እንዲያደርስ አንድ ተሸካሚ ልጅ ጠራሁ። ከገጠር ከመጣ ወር አልሞላውም፤ አማርኛው ገና ነው። ከኋላችን አይሱዙ ጡሩምባውን ይነፋል፣ ወዛደሩ «ዞር በል!» እያለ ይጮኻል። ቦታውን ነገርኩት። አንድ ነገር አለኝ፣ መለስኩለት፣ «እሺ» ብሎ ተሸክሞ ሄደ።

ሁለት ሰዓት ሙሉ የውሃ ሽታ ሆነ። ደንበኛው ይደውላል። አክስቴ ደጅ ወጥታ «በላኝ! ያ ልጅ ዕቃዬን በላው!» አለች። ጎረቤት ሁሉ ሰማ። እኔም፣ ልዋሽ አልችልም፣ አምኛታለሁ።

ፍለጋ ወጥቼ ሸማ ተራ አገኘሁት። ዝናቡ ይወርድበታል፤ ጃኬቱን አውልቆ ማዳበሪያዎቹን አልብሷቸዋል። «ካልገባህ ለምን አትጠይቅም?» ብዬ ጮህኩበት።

«ጠየቅሁ ወንድሜ። ደግመህ ንገረኝ ስልህ ‘ነገርኩህ እኮ!’ አልከኝ።»

እውነቱን ነው። ብያለሁ።

ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ያንን በክፍል የተማርነውን ጽሑፍ ሲያሳትም የቤል ስልክ ላቦራቶሪ ሰው ነበር፤ ያሳሰበውም መስመሩ ላይ የሚገባው ጫጫታ ነው። የአይሱዙው ጡሩምባ እዚያ ውስጥ ይመደባል። የኔ «ነገርኩህ እኮ» የት እንደሚመደብ እስካሁን አስባለሁ። ልጁ ያለውን ድርሻ ተወጥቷል፤ ጠይቋል። «እሺ» ያለውም ስለገባው ሳይሆን፣ ሁለተኛ ብጠይቅ ሥራውን ለሌላ ይሰጥብኛል ብሎ ነው። ተሸካሚ ነው፤ ከባለሱቅ ዘመድ ጋር አይከራከርም።

አክስቴ ሒሳቡን ጨምራ ከፈለችው፤ «ይቅር በለኝ ልጄ» አለችው። ግን «በላኝ» ስትል የሰሙት ሁሉ ዕቃው ሲደርስ አላዩም። ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤቶቹ ሸክም ሳይሰጡት ሰነበቱ። እሷና እኔ ከሱቅ ሱቅ እየዞርን «ጥፋቱ የእኛ ነው» ማለት ነበረብን፤ አንዳንዱ እየሳቀ ሰማን፣ አንዱ ደግሞ እስከመጨረሻውም አላመነን።

ክረምቱ እስኪያልቅ ከልጁ ጋር ሠራን። ዕቃ ሳሸክመው ይቆምና፣ አይሱዙው ቢያጓራም ባያጓራም፣ ዓይኔን እያየ ይጠይቀኛል፦

«ሸራ? በ‘ራ’?»

«አዎ፣ በ‘ራ’።»