የአንድ ቀን በዓልና የዘወትር ልምምድ

«በዓመት አንድ ቀን የአገር ልብስ ለብሶ መሰለፍ ባህልን ማክበር ሳይሆን መቅበር ነው» የሚል ጓደኛ አለኝ። ክርክራችን ገና አላለቀም፤ እኔ ግን ይህን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር የቺካጎ ስዊድናውያን ትዝ ይሉኛል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. ቺካጎ ላይ ታላቅ የዓለም ትርኢት ሲደረግ፣ ስዊድን ጉስታፍ ዊክማን የነደፈውን ቤት አሠርታ ዕቃዋን አሳየችበት። ጁላይ 20 ቀን ደግሞ «የስዊድን ቀን» ተባለና ስደተኞቹ በከተማው ተሰልፈው፣ መዘምራኖቻቸውም በኅብረት ዘመሩ። ዕለቱ ሐሙስ፣ የሥራ ቀን ነበር።

እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? አብዛኞቹ በመሬት ጥበትና በችግር፣ አንዳንዶቹም በ1860ዎቹ መጨረሻ በደረሰው ረኃብ ምክንያት አገራቸውን የለቀቁ የገበሬ ልጆች ነበሩ። በ1890 ቺካጎ ውስጥ ስዊድን ተወልደው የመጡት ከ40 ሺህ ይበልጡ ነበር። ብዙው ወንድ አናጢ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ብዙዋ ሴት በሰው ቤት አገልጋይ ነበረች። እንጀራ ያልሰጠቻቸውን አገር ቢያኮርፏት ማን ይፈርድባቸዋል? እነርሱ ግን ስሟን ተሸክመው አደባባይ ወጡ።

ጓደኛዬ የሚዘነጋው አንድ ነገር አለ። ያ መዝሙር በዚያ ቀን አልተፈጠረም። የአሜሪካ ስዊድናውያን ዘማሪዎች ኅብረት የተመሠረተው ከትርኢቱ በፊት፣ በ1892 ነው፤ ያሰባሰባቸውም በየከተማው ሲለማመዱ የቆዩ የመዘምራን ማኅበሮችን ነበር። በዓሉ የዘሩት የታጨደበት ቀን እንጂ የተዘራበት አልነበረም።

ሌላም ምስክር አለኝ። በ1904 በሴንት ሉዊስ ትርኢት ፈርዲናንድ ቦበርግ የነደፈው የስዊድን ቤት ትርኢቱ ሲያበቃ ካንሳስ ውስጥ ወደምትገኘው ሊንድስቦርግ ተወሰደ። በዚያም ስዊድናውያን ስደተኞች በ1881 ባቋቋሙት ቤተኒ ኮሌጅ የሥነ ጥበብ ማስተማሪያ ሆነ። ለጥቂት ወራት መታያ የተሠራው ቤት ዛሬም በዚያችው ከተማ ቆሟል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በግቢያችን የባህል ቀን ሲደረግ እኔ የምጠይቀው ልብሱ ያምራል ወይ ብዬ አይደለም። በማግስቱ ማን ይለማመዳል? የሚያውቀውስ ለማያውቀው ያስተምራል ወይ? ከበሮው እስከ ከርሞ መጋዘን ከተቆለፈበት ጓደኛዬ ረትቶኛል። ልምምዱ ካልተቋረጠ ግን በዓሉ የድካማችን ዋጋ ነውና ሳናፍር እናክብረው።