«ሲስተም የለም» ሲሉን

ውድ እህቶቼ፣ እኔ ያለሁት ጂዛን ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ሁላችንም ስለምናውቃት ንግግር ነው፤ «ሲስተም የለም» ስለምትባለው። አገር ቤት ባንክ ስንሄድ ሰምተናታል፣ ፓስፖርት ስናወጣ ሰምተናታል፣ እዚህም ብር ስንልክ ትገጥመናለች። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ከመርሳ ስወጣ ሲስተም ማለት እንደ ዝናብ ይመስለኝ ነበር። ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይጠፋል፣ የሚጠየቅበት ሰው የለም። የሚጠየቅበት ሰው እንዳለ ያወቅሁት እዚህ ሰው ቤት ገብቼ ነው።

የምሠራበት ቤት ትልቋ ልጅ ሥራዋ የሶፍትዌር ጥራት ነው። ቢሮዋ ሪያድ ነው፣ እሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ሆና ትሠራለች። መጀመሪያ ፕሮግራም የምትሠራ መስሎኝ ነበር። አይደለችም፣ የተበላሸም አትጠግንም። ፕሮግራም የሚሠሩ ካምፓኒዎች ይጠሯትና አሠራራቸውን ትመረምራለች። አንድ ቀን ልብስ እየተኮስኩ ሥራሽ ምንድን ነው ብላት እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ምግብ ከማቅረብሽ በፊት ትቀምሻለሽ አይደል? እኔ ምግቡን አልቀምስም። ወጥ ቤቱ ገብቼ ሳይቀመስ የሚወጣ ምግብ እንዳለ ነው የማየው።»

ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ ስትሆን ጆሮዬን እጥላለሁ። ጥያቄዎቿ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው። ፕሮግራሙ ምን መሥራት እንዳለበት አስቀድሞ ተጽፏል ወይ? የሞከረው የሠራው ሰው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ስህተት ሲገኝ የት ይመዘገባል? ተስተካክሏል ብሎ የሚዘጋውስ ማን ነው? አንድ ነገር ስትቀይሩ ድሮ ይሠራ የነበረውን እንደገና ትሞክራላችሁ? አዲሱ ቢበላሽ ወደ አሮጌው የምትመለሱበት መንገድ አለ?

«አዎ አለን» ብለው ቢመልሱ አይበቃትም፣ መዝገቡን አሳዩኝ ትላለች። አይሶ 9001 የሚል የምስክር ወረቀት ቢያሳዩአትም መጠየቋን አታቆምም፤ ወረቀቱ ሥርዓት አላቸው ማለት እንጂ ዛሬ ሥርዓቱን ተከትለዋል ማለት አይደለም ትላለች። ደግሞ አለቃውን ብቻ አታነጋግርም። ከሥር ያሉትን ሠራተኞች ለብቻቸው ትጠይቃለች። ይሄን እኛ ሳንማር እናውቀዋለን። ማዳም አጠገባችን ቆማ «ተመችቶሻል ወይ?» ተብለን ስንጠየቅ ምን እንደምንመልስ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ይህ ሁሉ ጥያቄ ምን ያደርጋል የምትል ካለች የአገራችንን ባንክ ታስታውስ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሸና ሰዎች ሒሳባቸው ላይ ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ተዳረሰ፣ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ እንዳለው ሰብሮ የገባ ሌባ አልነበረም፤ ችግሩ የመጣው በሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጊዜ ነው። ያለ አግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው ተባለ። አብዛኛው ተመልሷል። ያልመለሱት ግን ስማቸውና ፎቷቸው ቅርንጫፍ በር ላይ ተለጠፈ።

የራስ ያልሆነን ገንዘብ መውሰድ ልክ ነው አልልም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። አንድ ሺህ ብር ካለው ሒሳብ ሁለት ሺህ እንዳይወጣ ማድረግ ለባንክ ፕሮግራም የመጀመሪያው ፊደል ነው። ልጅቷ «ስትቀይሩ ድሮ ይሠራ የነበረውን እንደገና ሞክሩ» የምትለው ለዚህ ነው። ማሽን ሲሳሳት ፎቶው በር ላይ የሚለጠፈው የተጠቃሚው እንጂ የማሽኑ አይደለም።

ከገንዘብ የከፋም አይተናል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አጠገብ ወድቆ 157 ሰው አለቀ። ከዚያ አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወድቆ 189 ሰው ሞቶ ነበር። በሁለቱም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋ ፕሮግራም ነበር፤ ፕሮግራሙ የሚያምነው ደግሞ አንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። ያ ሴንሰር ሲሳሳት ፕሮግራሙም አብሮ ተሳሳተ። የአሜሪካ መንግሥት ብዙውን የፍተሻ ሥራ ለካምፓኒው ለራሱ ሰዎች ሰጥቶ እንደነበር በኋላ በምርመራ ወጣ። የሠራው ራሱን ሲፈትሽ እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ባለፈው ረመዳን ልጅቷ የአንድ ብር መላኪያ አፕ ካምፓኒ ትመረምር ነበር። የሙከራ መዝገባቸውን አየሁት፣ ከላይ እስከ ታች «አልፏል፣ አልፏል» ይላል። እኔም «እንደኔ ያለች ሴት ሞክራዋለች?» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝና ስልኩን ሰጠችኝ፤ «እስቲ አንቺ ሞክሪው፣ እኔ አልረዳሽም» አለች።

ቋንቋ ምረጪ ይላል፣ አማርኛ የለም። በምችለው አረብኛ ገባሁ። ቀጥሎ የቤተሰብ ስም ይላል። እኛ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። የአባቴን ባስገባ ከኢቃማው ጋር አይገጥምም ብሎ ቀይ አበራ፤ የአያቴን ሳስገባ አለፈ። ሦስተኛው ላይ ስልክ ቁጥር ጠየቀ፣ ቁጥሩ በራሴ ኢቃማ የወጣ ካልሆነ ኮድ አይልክም። የኔ ሲም በከፊሌ ስም ነው የወጣው። እዚያው ላይ ቀረሁ።

የሞከሩት አረብኛ የሚያነቡ፣ ሲማቸው በስማቸው የሆነ የቢሮ ሰዎች ናቸው። ደንበኞቻቸው ግን እኛ ነን። ልጅቷ ይህንኑ ሪፖርቷ ላይ ጻፈችው። ስሜ የለበትም፣ «የቤት ሠራተኛ የሆነች ተጠቃሚ» ነው የሚለው። ካምፓኒው የስሙን ነገር እናስተካክላለን፣ ቋንቋው ወደፊት ይታያል፣ የሲሙ ግን ሕግ ነው ብሎ መለሰ። ከሦስቱ አንዱ ማለት ነው። እኔ ያንን አንዱን አልናቅሁትም።

እህቶቼ፣ አሁን ሕይወታችን ስልክ ውስጥ ነው። ኢቃማው አብሽር ላይ ነው፣ ኮንትራቱ ሙሳነድ ላይ ነው። ከጁላይ 2024 ጀምሮ በአዲስ ኮንትራት የመጣች የቤት ሠራተኛ ደመወዟ በሙሳነድ በኩል እንዲከፈል ታዟል፣ በኋላም ወደ ሌሎቹ በየደረጃው ሰፍቷል። ይህ ጥሩ ነው፤ «ከፍያታለሁ»፣ «አልተከፈለኝም» ለሚለው ክርክር መዝገብ አለ። ግን መዝገቡ «ተከፍሏል» ካለና እጅሽ ላይ ካልገባ፣ ስህተቱን ቀድመሽ ማየት ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ስለዚህ የልጅቷን ጥያቄዎች ለራሳችን እንያዛቸው። አዲስ አፕ ስትጀምሪ መጀመሪያ ትንሽ ብር ላኪና መድረሱን ቤተሰብሽን ጠይቂ። ከመጫንሽ በፊት የተቀባዩን ስም አንብቢ። ከላክሽ በኋላ ስክሪኑን ፎቶ አንሽ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፊ። የሚመጣልሽን ኮድ ለማንም አትንገሪ። ሲበላሽ «ሲስተም የለም» ብለው ቢሸኙሽ፣ አቤቱታዬ በየትኛው ቁጥር ተመዘገበ፣ የሚያየውስ ማን ነው በይ።

በየመን አቋርጠሽ የመጣሽ እህቴ፣ ያንቺ ስም በየትኛውም ሲስተም ላይ እንደሌለ አውቃለሁ። ብርሽ የሚሄደው በሰው እጅ ነው። ለሀዋላውም ሰውዬ ያው ጥያቄ ይሠራል። ትንሽ አስቀድመሽ ሞክሪው፣ ማስረጃ ያዢ፣ ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ሁለት ሰው ባለበት አስነግሪው። እንቢ ካለሽ ብርሽን ይዘሽ ተመለሽ።

በየቤቱ ያላችሁትን ሁሉ ፈጣሪ ይጠብቃችሁ።